የተማሪ ክበባት በጣና ዳር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በሐሙሲት፣ በዘጌ፣ በቁንዝላ፣ በደልጊና በመሳሰሉት የጣና ዙሪያ ትንንሽ ከተሞች ተማሪዎች፣ ወላጆችና አዲስ የተመደቡ ተጠሪ መምህራን በየመስከረሙ የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው።

ክበብ ምንድን ነው? በትንሽ ከተማ ትምህርት ቤት የትኞቹ ይገኛሉ?

ክበብ ተማሪዎች ከመደበኛው ክፍለ ጊዜ ውጭ በፈቃዳቸው የሚሰባሰቡበት የተጓዳኝ ትምህርት አካል ነው። አንድ ተጠሪ መምህር፣ ከተማሪዎች የተመረጡ ሰብሳቢና ፀሐፊ፣ ገንዘብ የሚነካ ከሆነም ገንዘብ ያዥ ይኖሩታል። ከላይ ሆኖ የሚከታተለው አብዛኛውን ጊዜ ምክትል ርዕሰ መምህሩ የሚመሩት የተጓዳኝ ትምህርት ኮሚቴ ነው።

ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ዝርዝር ረጅም ነው፦ ሚኒ ሚዲያ፣ ቀይ መስቀል፣ አካባቢ ጥበቃ፣ ሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና፣ ፀረ ኤች አይ ቪ፣ ሥርዓተ ፆታ፣ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ ኪነ ጥበብ፣ ስፖርት፣ ትራፊክ። በብዙ ቦታ ግን ከእነዚህ ውስጥ በእርግጥ የሚንቀሳቀሱት ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። የቀሩት ሱፐርቪዥን ሲመጣ ፋይላቸው የሚወጣ የወረቀት ክበቦች ናቸው። መምህራኑ ጥቂት በሆኑበት ትምህርት ቤት አምስት ክበብ ይዞ ማሠራት አሥራ አምስት ስም ከመለጠፍ ይሻላል።

መቼና እንዴት ነው የምመዘገበው?

ምዝገባው ብዙውን ጊዜ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ባለው ጊዜ ይካሄዳል። የክፍል ኃላፊው መምህር ቅጽ ያዞራል ወይም የክፍል አለቃው ስም ይመዘግባል። ሙሉ ስም፣ ክፍልና ሴክሽን፣ የሚኖሩበት ቀበሌና ቤተሰብ የሚገኝበት ስልክ ይሞላል።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ቅጹ ሲዞር ጓደኛችሁ የሞላውን አይታችሁ አትሙሉ። ግማሽ ክፍል ሚኒ ሚዲያ ብሎ ሞልቶ ማይክ የሚደርሰው ለስድስት ልጅ ብቻ ሲሆን የቀረው በሁለተኛው ስብሰባ ይጠፋል። ምዝገባው ካለፈ በኋላ መግባት ከፈለጋችሁም በሩ አይዘጋም። ተጠሪ መምህሩን አነጋግሩና በሚቀጥለው ስብሰባ በቃለ ጉባኤ ስማችሁ ይግባ።

ስንት ክበብ ውስጥ መሆን እችላለሁ?

በአንድ ክበብ ሙሉ አባል፣ በሌላ አንድ ደግሞ ተሳታፊ መሆን ይበቃል። በሁለት ክበብ የአመራር ቦታ መያዝ ግን አይመከርም፤ ዝግጅቶቹ በአንድ ሰሞን ይገጣጠማሉ። ኅዳር 22 የዓለም የኤድስ ቀን ነው፣ ኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦች ቀን፣ ኅዳር 30 ደግሞ የፀረ ሙስና ቀን። የሦስቱንም መነባንብ የሚያቀርበው ያው አንድ ጎበዝ ልጅ ሲሆን የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና ሳይዘጋጅበት ይደርሳል።

የክበብ ተሳትፎ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ ይጨምራል?

አይጨምርም። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምደባ የሚወሰነው በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ነው። ምስክር ወረቀቱ የሚጠቅመው ሌላ ቦታ ነው፦ ለውጭ አገር ነፃ የትምህርት ዕድል ሲያመለክቱ፣ ለበጎ ፈቃድ ሥራ ሲመዘገቡ፣ በኋላም ለመጀመሪያ ሥራ ማመልከቻ።

እንዲጠቅም ግን በትክክል መጻፍ አለበት። «በክበብ ንቁ ተሳትፎ ስላደረገ» የሚለው ማንንም አያሳምንም። የክበቡ ስም፣ የነበራችሁ ኃላፊነት፣ ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር እንደሠራችሁና አንድ የሚቆጠር ሥራ («በሳምንት ሁለት ቀን የዜና ክፍል አዘጋጅ» የሚል ዓይነት) ይግባበት፤ ማኅተምና ፊርማም አይቅር። 12ኛ ክፍል ከሆናችሁ ካርድ የምትቀበሉበትን ቀን ሳትጠብቁ የካቲት ላይ ኃላፊነታችሁን ስታስረክቡ ጠይቁ። ሰኔ ላይ ፈራሚውም ማኅተሙም አይገኝም።

ልጄ «ክበብ አለኝ» እያለች ታመሻለች። እንዴት ላረጋግጥ?

የክበባት ፕሮግራም በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ አለበት፤ ካልተለጠፈ ምክትል ርዕሰ መምህሩን ይጠይቁ። እያንዳንዱ ክበብ የስም መጥሪያ አለው፣ ወላጅም ሊያየው ይችላል። ስብሰባ ከቀኑ 11 ሰዓት ማለፍ የለበትም። ለልምምድ የግድ ማምሸት ካለ ተጠሪ መምህሩ ቀድሞ ለወላጅ ያሳውቃል፣ መንገዳቸው አንድ የሆኑ ልጆችም አብረው ይሸኛሉ። ቤት ተከራይተው ለሚማሩ ሴት ልጆች ደግሞ ማንም ጠያቂ አጠገባቸው ስለሌለ ትምህርት ቤቱ እንደ ወላጅ ሰዓቱን ማክበር አለበት።

ለስብሰባ የትኛው ቀንና ሰዓት ይሻላል?

ክበብ የሚሞተው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው። ዓርብ ከሰዓት ለሁሉም የሚመች ይመስላል፤ ትምህርት ቀለል ይላል፣ መምህሩም ደስ ይለዋል። ነገር ግን ከገጠር ቀበሌ መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማረው ተማሪ ዓርብ ከሰዓት ስንቅ ሊያመጣ ወደ ቤተሰቡ ይሄዳል። ሁለትና ሦስት ሰዓት በእግር የሚጓዝ ልጅ ለስብሰባ ቢቆይ ይመሽበታል። ስለዚህ የዓርብ ክበብ ሳይታወቅ የከተማ ልጆች ክበብ ይሆናል። በጀልባ የሚመላለስ ካለም የመጨረሻውን ጀልባ መነሻ ሰዓት ቀድሞ መጠየቅ ነው።

ሁለተኛው እንቅፋት የገበያ ቀን ነው። በዚያ ቀን ብዙ ልጅ ወይ ቤተሰብ ያግዛል፣ ወይ የመጣለትን እህል ይቀበላል። የከተማችሁ ገበያ ማክሰኞ ከሆነ ስብሰባውን ማክሰኞ አትያዙ። ሦስተኛው ጾም ነው። በዐቢይ ጾም ብዙ ተማሪ እስከ ከሰዓት ምግብ አይቀምስም፤ በዚያ ወቅት ጉድጓድ ቁፋሮ ወይም የሩጫ ልምምድ መያዝ ልጆችን ማዝለፍለፍ ነው። ንባብ፣ ውይይት፣ የመድረክ ጽሑፍ ማረም ይያዝበት።

በሁለት ፈረቃ በሚያስተምር ትምህርት ቤት ሁለቱን ፈረቃ የሚያገናኝ ሰዓት የቀትሩ ክፍተት ብቻ ነው፤ እሱም ለምሳ እንኳ አይበቃም። እንዲህ ባለበት እያንዳንዱ ፈረቃ የራሱ ምክትል ሰብሳቢ ይኑረውና ሁለቱ በወር አንድ ጊዜ ይገናኙ። በየሁለት ሳምንቱ 40 ደቂቃ፣ ቀኑ ሳይቀያየር፣ ከየሳምንቱ «ነገ እናሳውቃለን» የተሻለ ሰው ያቆያል።

የሌለ ክበብ ማቋቋም እንፈልጋለን። ምን ይጠይቃል?

ሦስት ነገር ይዛችሁ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ቅረቡ። የመጀመሪያው ስም፣ ክፍልና ፊርማ ያለበት የአባላት ዝርዝር ነው። ቁጥሩ በየትምህርት ቤቱ ይለያያል፤ ከ15 በታች ይዞ መሄድ ግን ያስመልሳል። ሁለተኛው ተጠሪ ለመሆን የተስማማ መምህር ፊርማ ነው። ሦስተኛው የአንድ ገጽ ዕቅድ፦ ዓላማው በሁለት መስመር፣ በዓመቱ የሚሠሩ አራት ሥራዎች ከነወራቸው፣ የሚያስፈልገው ዕቃና ከየት እንደሚገኝ።

ውድቅ የሚያደርጉት ምክንያቶች የታወቁ ናቸው። ካለው ክበብ ጋር ይደራረባል፣ ከመጀመሪያው በጀት ይጠይቃል፣ ወይም የተጠራው መምህር ቀድሞ የሁለት ክበብ ተጠሪ ነው። ብልሃቱ በነባር ክበብ ሥር ንዑስ ክፍል ሆኖ መጀመር ነው። የወፍ ምልከታ የሚወዱ ልጆች በአካባቢ ጥበቃ፣ ቼዝ የሚጫወቱ በስፖርት፣ ፎቶ የሚያነሱ በሚኒ ሚዲያ ሥር አንድ መንፈቅ ይሥሩ። ሥራው ከታየ በሚቀጥለው ዓመት ለብቻ መውጣት ቀላል ነው።

ለሚኒ ሚዲያ ምን ዕቃ ያስፈልጋል? ለምንስ ነው የሚያፏጨው?

ለመነሻ አንድ 60 ዋት አምፕሊፋየር (የድምፅ ማጉያ ማሽን)፣ ሁለት ሆርን ስፒከር፣ ሁለት ባለገመድ ማይክ፣ ከስልክ ወይም ከፍላሽ ማጫወቻ ገመድና የመብራቱን ኃይል የሚያስተካክል አንድ ስታቢላይዘር ይበቃሉ። ገመድ አልባ ማይክ አትግዙ፤ ባትሪው በሚያልቅበት ጊዜ ሁሉ ፕሮግራሙ ይቋረጣል፣ ቀጣዩን ባትሪ የሚገዛም አይገኝም።

ዕቃ የሚቃጠለው በአብዛኛው በአያያዝ ስሕተት ነው። ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ 4፣ 8፣ 16 ኦም፣ 70 እና 100 ቮልት የሚሉ መውጫዎች አሉ። ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከር ጎን ለጎን (ፓራሌል) ሲታሰሩ 4 ኦም ይሆናሉ፤ መግባት ያለባቸውም 4 በሚለው ነው። ስፒከሩ ከክፍሉ ርቆ ሜዳው ጫፍ ላይ ከተሰቀለና ገመዱ ከ50 ሜትር ካለፈ ኃይሉ ሽቦው ላይ ይቀራል። ያን ጊዜ ትራንስፎርመር የተገጠመለት ስፒከር ወስዶ በ100 ቮልቱ መስመር ማሠራት ይገባል። ትራንስፎርመር የሌለውን ስፒከር እዚያ ላይ ማሰር ወዲያው ያቃጥለዋል። በ100 ቮልት መስመር የስፒከሮቹ ዋት ተደምሮ ከአምፕሊፋየሩ አይለፍ፤ ለ60 ዋት ሁለት ባለ 25 ልክ ነው።

ፉጨቱ የሚመጣው ከስፒከሩ የወጣው ድምፅ ተመልሶ ማይኩ ውስጥ ሲገባ ነው። ተናጋሪው ከስፒከሩ ኋላ ይቁም፣ ማይኩን ከአፉ ከ5 እስከ 10 ሳንቲሜትር ያርቀው፣ የቀጭን ድምፁ (ትሬብል) መቆጣጠሪያ ይቀነስ። ራፐር መስሎ የማይኩን ጭንቅላት በእጅ መጨበጥ ፉጨቱን ያባብሰዋል። መብራት ሲሄድ አንዳንዱ አምፕሊፋየር ከጀርባው የ12 ወይም የ24 ቮልት ባትሪ መግቢያ አለው፤ ባለ 12 ቮልቱ ከሆነ ለ15 ደቂቃ ፕሮግራም አንድ የመኪና ባትሪ ከበቂ በላይ ነው። መብራት ሲመለስም ድምፁን ዜሮ አድርጋችሁ ካልሆነ አታብሩ።

የሚኒ ሚዲያ ጽሑፍ ለምን ሳንሱር ይደረጋል?

የሚነበበው ለሁሉም ተማሪ፣ ለመምህራንና ለአጥር ጎረቤት ጭምር ስለሆነ ነው። ጽሑፍ በሁለት ኮፒ ይዘጋጃል። ተጠሪ መምህሩ በዋዜማው አንብቦ ይፈርማል፤ አንዱ ፋይል ውስጥ ይቀራል፣ ሌላው ይነበባል። ጭቅጭቅ ሲመጣ የተፈረመው ኮፒ አንባቢውን ልጅ ያድነዋል። በተለይ ሦስት ነገሮች ችግር ያመጣሉ፦ ከፌስቡክ ተገልብጦ ምንጩ ያልተጣራ ዜና፣ የተማሪ ስም ጠርቶ የሚቀለድ ቀልድ፣ «ለ10ኛ ቢዋ ቆንጆ» የሚሉ የዘፈን ምርጫዎች። የመጨረሻው ቀላል ይመስላል፤ በስሟ የተቀለደባት ልጅ ግን ለሳምንት ክፍል ላትገባ ትችላለች።

መምህሩም ገደብ አለው። የሽንት ቤት ውኃ እንደሌለ ወይም ቤተ መጻሕፍቱ እንደተዘጋ የሚናገር ጽሑፍ ጨዋ ቋንቋና ትክክለኛ መረጃ ካለው መሰረዝ የለበትም።

የጥያቄና መልስ ውድድር ሁልጊዜ በጭቅጭቅ ያልቃል። ምን እናድርግ?

ጭቅጭቁ የሚጀምረው ከጥያቄው አወጣጥ ነው። «የዓባይ መነሻ የት ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ አንዱ ጣና፣ ሌላው ግሽ ዓባይ ይላል፤ ሁለቱም የሚከራከርለት ደጋፊ አለው። «ግልገል ዓባይ የሚነሣው ከየትኛው ወረዳ ነው?» ብትሉ መልሱ ሰከላ ብቻ ነው። «በጣና ላይ ስንት ደሴት አለ?» የሚለውም እንዲሁ ወጥመድ ነው፣ ቁጥሩ በውኃው ከፍታና በቆጣሪው ይለያያል። «ዋናው»፣ «ትልቁ»፣ «የመጀመሪያው» የሚሉ ቃላት ያሉበትን ጥያቄ ሁለት መምህራን ካልተስማሙበት ጣሉት።

ለአራት ቡድንና ለአምስት ዙር 20 ጥያቄ ያስፈልጋል። 10 መጠባበቂያና 5 እኩል ለወጡ መለያ ጨምሩበት፣ በድምሩ 35። ቡድኖቹ ከአንድ የክፍል ደረጃ ይሁኑ፤ 9ኛን ከ12ኛ ጋር ማወዳደር ፍትሕ አይደለም። ጥያቄዎቹ ተቆርጠው በፖስታ ይታሸጉ፣ ቡድኑ ራሱ ቁጥር ይምረጥ። 30 ሰከንድ፣ አንድ መልስ፣ ሌላው የሳተውን ተቀብሎ ለሚመልስ ቡድን ግማሽ ነጥብ። የዳኞች ውሳኔ የመጨረሻ መሆኑ ውድድሩ ሳይጀመር ይነገር፣ ነጥቡም ሁሉም በሚያየው ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ይጻፍ።

የሴክሽኖች እግር ኳስ ለምን አያልቅም?

ሁሉም ከሁሉም ጋር እንዲጫወት ስለሚወጣ ነው። ስምንት ሴክሽን በዚህ መንገድ 28 ጨዋታ ይፈልጋል፤ በሳምንት ሁለት ጨዋታ ቢደረግ ሦስት ወር ተኩል ማለት ነው። በሁለት ምድብ አራት አራት ብትከፍሉት 12 የምድብ፣ 2 ግማሽ ፍጻሜና 1 ፍጻሜ፣ በድምሩ 15 ይሆናል። ለሴቶች የተለየ ቀን ይያዝ፤ «ጊዜ ከተረፈ» ከተባለ አይተርፍም።

በሰልፍ ላይ ተማሪ ሲወድቅ የቀይ መስቀል አባላት ምን ያድርጉ?

ራሱን የሳተውን ጥላ ሥር በጀርባው አስተኝተው እግሩን 30 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ያድርጉ፣ ቀበቶና ኮሌታ ያላሉ፣ ከበው የቆሙትን ያርቁ። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ቁርስ አለመብላትና ረጅም ሰዓት መቆም ነው፣ በአንድ ሁለት ደቂቃ ይነቃል። ካልነቃ ወደ ጤና ጣቢያ ነው። ነስር ሲሆን ጭንቅላትን ወደ ኋላ ማንጋጠጥ ስሕተት ነው፤ ደሙ ወደ ጉሮሮ ይወርዳል። ወደ ፊት አጎንብሶ የአፍንጫውን ለስላሳ ክፍል ለ10 ደቂቃ ሳይለቁ መያዝ ነው።

የሚጥል በሽታ ሲነሣ ደግሞ የክብሪት ጭስ ማሽተት፣ አፍ ውስጥ ማንኪያ ወይም እርሳስ መክተት፣ እጅና እግር መያዝ ሁሉም ይጎዳል። ከጭንቅላቱ ሥር ሹራብ አድርጉ፣ በአጠገቡ ያለውን ድንጋይና ወንበር አንሡ፣ ሰዓት ተመልከቱ። መንቀጥቀጡ ሲቆም በጎኑ አዙሩት። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ጤና ጣቢያ ይሂድ። ሕመሙ በመንካት አይተላለፍም፤ ይህን ለተማሪው ሁሉ መናገር የክበቡ ሥራ ነው። በሳጥኑ ውስጥ ጓንት፣ ጎዝ፣ ባንዴጅ፣ ፕላስተር፣ መቀስ፣ ቁስል ማጠቢያና ኦአርኤስ (በውኃ የሚበጠበጥ የፈሳሽ መተኪያ ዱቄት) ይኑሩ። ክኒን አታስቀምጡ፤ ተማሪ ለተማሪ መድኃኒት መስጠት አይችልም።

በየዓመቱ ችግኝ እንተክላለን፣ በየዓመቱ ይደርቃል። ለምን?

ችግኝ የሚተከለው ሐምሌ፣ ትምህርት የሚዘጋው ሰኔ ስለሆነ ነው። ክበቡ በተከላው የለም፤ መስከረም ሲመለስ ደግሞ ዝናቡ ሊያበቃ ነው፣ ቀሪው ስምንት ወር በጀሪካን ነው። የሚሠራው ዘዴ ይህ ነው፦ ጉድጓዱ በግንቦት ይቆፈር (30 በ30 ሳንቲሜትር፣ ጥልቀቱም ያው)፣ ተከላው ካርድ መቀበያ ቀን ላይ ይሁን። በዚያ ቀን ተማሪው ሁሉ ይመጣል፣ መሬቱም ርሷል።

ከኅዳር እስከ ግንቦት አንድ ችግኝ በሳምንት 10 ሊትር ያህል ውኃ ይፈልጋል። አንድ ቢጫ ጀሪካን ለሁለት ችግኝ ማለት ነው። ስለዚህ 30 አባል ያለው ክበብ የሚችለው 60 ችግኝ ነው፣ በአንድ ሰው አንድ ጀሪካን። 500 ተክሎ ለሪፖርት ፎቶ ማንሣት የፍየል ቀለብ ማዘጋጀት ነው። አጥር ከሌለ ደግሞ 60ውም አይተርፍም።

ራሳችሁ ማፍላት ከፈለጋችሁ ዘሩ በየካቲት ይዘራ። ለፕላስቲክ ከረጢት የተለመደው ድብልቅ 3 እጅ የአካባቢ አፈር፣ 2 እጅ ብስባሽ፣ 1 እጅ አሸዋ ነው። እንደ ፎገራ ሜዳ ዋልካ አፈር ባለበት አሸዋውን እጥፍ አድርጉት፤ አለዚያ ሲደርቅ ተሰንጥቆ ሥር ይበጥሳል። ዋንዛ፣ ወይራና ጽድ ለግቢ ይስማማሉ። ባሕር ዛፍ ከክፍልና ከውኃ ጉድጓድ ይራቅ።

ክበባችን እምቦጭ የተባለውን የውኃ አረም ለመንቀል ወደ ሐይቁ መሄድ ይችላል?

ይችላል፣ ግን ውኃ ውስጥ መግባት የተማሪ ሥራ አይደለም። እምቦጭ በጣና ላይ መታወቅ ከጀመረበት ከ2004 ዓ.ም ወዲህ በተለይ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ሕዝቡ በእጁ ሲታገለው ኖሯል፤ ተማሪዎችም በዘመቻ ወጥተዋል። ሆኖም ጥልቀት በሌለው፣ ሣር በበዛበት ዳርቻ የብልሃርዚያን ተሕዋስ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች አሉ፤ ተሕዋሱ በቆዳ ውስጥ ለመግባት ደቂቃዎች ይበቁታል። አልቅትም አለ፣ በአንዳንድ ቦታ ጉማሬም። ቦቲ ጫማ የሚጠቅመው እስከ ጉልበት ብቻ ነው፤ ውኃው ከላይ ከገባበት ጥቅሙ አበቃ።

ስለዚህ ነቀላውን አዋቂዎች ያድርጉት፣ ተማሪዎች ደረቅ መሬት ላይ ሆነው በመንሽና በቃሬዛ ያጓጉዙ። የወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ፣ ለየ15 ተማሪ አንድ መምህር፣ የመጠጥ ውኃና የመጀመሪያ ርዳታ ሳጥን ይኑር። ውኃ የነካው ልጅ ወዲያው በፎጣ ይድረቅ፤ በሚቀጥሉት ሳምንታት ትኩሳት፣ ማሳከክ ወይም የሆድ ሕመም ከመጣ ለጤና ጣቢያው ሐይቅ መግባቱን ይናገር።

ብዙ ዘመቻ ከንቱ የሚሆነው በክምሩ ቦታ ነው። ዳር ላይ የተከመረው በክረምት ሐይቁ ሲሞላ ተመልሶ ይንሳፈፋል። ቁራጩም ብቻውን ይበቅላል፤ ዘሩ ደግሞ በጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል። የክረምቱ ውኃ ከሚደርስበት መስመር በላይ አውጥቶ ማድረቅ ነው። ለትምህርት ቤቱ ኩሬ «ለማሳያ» ብሎ አንድ ሥር ይዞ መመለስማ ፈጽሞ አይሆንም። አበባው ስለሚያምር የሚፈተን ልጅ አይጠፋም።

ወደ ውኃ ሳይቀርቡ የሚሠራም አለ። ጣና በ2007 ዓ.ም በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የተመዘገበ ነው። በዳርቻው አንድ የተወሰነ ቦታ መርጦ በየወሩ በአንድ ቀን ከአንድ ነጥብ ላይ ቆመው ፎቶ ማንሣት፣ የእምቦጩን ጠርዝ ከአንድ ቋሚ ዛፍ በእርምጃ መለካት፣ ደንገሉ መጨመር መቀነሱን መመዝገብ ይቻላል። የሁለት ዓመት እንዲህ ያለ መዝገብ ያለው ክበብ ለወረዳው ባለሙያ ከአንድ ቀን ዘመቻ የበለጠ ይጠቅማል።

የሴት ተማሪዎች ክበብ ለወር አበባ ጊዜ ምን ማድረግ ይችላል?

ከውስጥ የሚቆለፍ፣ ውኃና የቆሻሻ ባልዲ ያለው አንድ ትንሽ ክፍል፣ ቁልፉም በሴት መምህርት እጅ። ሞዴስ ሲሰጥ ስም አይመዝገብ፤ የወጣው ብዛት ብቻ ይጻፍ። ስም የሚጻፍበት መዝገብ ሲኖር ልጆቹ መጠየቅ ያቆማሉ። ታጥቦ የሚለበስ የጨርቅ ፓድ የምትሰፉ ከሆነ ውስጡ ጥጥ ይሁን፣ ሁለት ሁለት ቢሰጥ አንዱ ሲታጠብ ሌላው ይለበሳል፤ ማስጫውም ፀሐይ ላይ መሆኑ ይነገር። ተደብቆ አልጋ ሥር የሚደርቅ ጨርቅ ሕመም ያመጣል።

ገንዘብ መሰብሰብ እንችላለን? ማን ይይዘዋል?

ከትምህርት ቤቱ አስተዳደር የጽሑፍ ፈቃድ ካለ ይቻላል። የገባው ገንዘብ በደረሰኝ ወደ ትምህርት ቤቱ ገንዘብ ያዥ ይገባል፣ ሲወጣም በሦስት ፊርማ ይወጣል፦ ሰብሳቢ፣ ተጠሪ መምህር፣ ምክትል ርዕሰ መምህር። የተማሪው ገንዘብ ያዥ ሥራ መመዝገብ ነው፣ ኪሱ ማደር የለበትም። ለአንድ ምሽት ቢያድር እንኳ የሚመጣው ሐሜት ልጁን ከክበብ ያስወጣዋል።

ለትርኢት ትኬት ስትሸጡ ተከታታይ ቁጥር ይኑረው፤ ያልተሸጠው ተቆጥሮ ይመለስና ከገባው ብር ጋር ይመሳከር። በስጦታ የመጣ ዕቃ በሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ቅጽ) ገቢ ሆኖ በሞዴል 22 (የዕቃ ወጪ ቅጽ) ለክበቡ ይወጣል። ይህ ካልተደረገ አምፕሊፋየሩ የማን እንደሆነ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚያውቅ አይኖርም። መዋጮ ለመክፈል ያልቻለን ተማሪ ከክበብ ማስወጣት አይገባም።

የሃይማኖት ወይም የፖለቲካ ክበብ ማቋቋም እንችላለን?

በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ አይቻልም። በ1987 ዓ.ም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 90 ንዑስ አንቀጽ 2 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖና ከፖለቲካ ወገናዊነት ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ይደነግጋል። የመዝሙር ልምምድም ሆነ የጸሎት ጉባኤ በሰንበት ትምህርት ቤት፣ በመስጊድ ወይም በየአጥቢያው ነው የሚካሄደው፤ የትምህርት ቤት ማይክም ለዚህ አይውልም።

የሚያስቸግረው በመካከል ያለው ነው። ኪነ ጥበብ ክበብ ቅኔ ሲያጠና፣ ወይም ታሪክ የሚወዱ ልጆች የደሴት ገዳማትን ለማየት ሲሄዱ ጉዞው ትምህርታዊ ነው፤ የማንኛውም እምነት ተማሪ ሊሄድ ይችላል፣ የሚጸልይ የለም ማለት ግን አይደለም። መለያው ቀላል ነው፦ መሳተፍ በእምነት የተወሰነ ከሆነ የክበብ ሥራ አይደለም። አንዳንዶቹ የጣና ገዳማት ሴት ስለማያስገቡ ጉዞ ሲታቀድ ሁሉም የሚገባበትን መምረጥ ያስፈልጋል። ግማሹ ክበብ ጀልባ ላይ ተቀምጦ የሚጠብቅበት ጉዞ አታቅዱ።

ክበባችን ኅዳር ላይ ሞተ። ሊነሣ ይችላል?

ይችላል፣ ምክንያቱን ካወቃችሁ። የስብሰባ ቀን ሲቀያየር፣ ዕቅዱ ሃያ ሥራ ሲይዝ፣ አመራሩ በሙሉ ከ12ኛ ክፍል ሲሆን፣ ተጠሪው ሳይጠየቁ የተመደቡ ሲሆኑ ክበብ ይሞታል። የመጨረሻው ከሆነ መምህሩን አትክሰሱ። በሳምንት 25 ክፍለ ጊዜ የሚያስተምሩ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። ቀርባችሁ «መምህር፣ እርስዎ በወር አንድ ጊዜ ብቻ ይገኙልን፣ ቃለ ጉባኤውን እኛ እናመጣልዎታለን» በሏቸው፤ ብዙዎቹ እሺ ይላሉ። እምቢ ካሉ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ሌላ ይመድቡ።

ከዚያ ስም መጥሪያውን አውጡና በሁለተኛው ስብሰባ የነበሩትን ብቻ ጥሩ። ስድስት ሰው ከመጣ በቂ ነው። አንድ በሁለት ሳምንት የሚያልቅ፣ ሁሉም የሚያየው ሥራ ሥሩ፦ የማስታወቂያ ሰሌዳ ማደስ፣ ወይም ለቤተ መጻሕፍቱ የተቀደዱ መጻሕፍትን መጠገን። ጥር ላይ ፈተና ስላለ የመነሻው ቀን ከየካቲት መጀመሪያ ይሁን።

በዓመቱ መጨረሻ፣ ወይም ትምህርት በድንገት ሲቋረጥ፣ ንብረቱና ሥራው ለማን ይተላለፋል?

ርክክብ ሰኔ ላይ አይደለም፣ የካቲት ላይ ነው። አዲሶቹ ተመራጮች ከ9ኛና ከ10ኛ ክፍል ሆነው ከነባሮቹ ጋር አንድ መንፈቅ አብረው ይሥሩ። የሚረከቡት አራት ነገር ነው፦ የቃለ ጉባኤ መዝገብ፣ የዕቃ ዝርዝር ከነመለያ ቁጥሩ፣ የሒሳብ መዝገብ፣ እና «ማንን እንጠይቅ» የሚል አንድ ገጽ (ስፒከር የሚጠግነው ማን ነው፣ ችግኝ የሚሰጠው የትኛው ጣቢያ ነው፣ አዳራሹን የሚከፍተው ማን ነው)። አራተኛውን ማንም አይጠይቅም፣ ሲጠፋ ግን አዲሱ ሰብሳቢ ሁለት ወር ይባክናል።

ትምህርት ሳይታሰብ የሚቋረጥበት ጊዜም ስለሚያጋጥም የዕቃው ዝርዝር በሦስት ኮፒ ይኑር፦ በንብረት ክፍል፣ በተጠሪ መምህሩና በሰብሳቢው እጅ። አምፕሊፋየርና ማይክ በየሳምንቱ መጨረሻ ወደ ንብረት ክፍል ይግቡ፣ ሚኒ ሚዲያው ክፍል አይደሩ። ክፍሉ ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ሲከፈት ከመሰካት በፊት አይጥ የበላውን ገመድ ፈልጉ፣ ከውስጥ አቧራውን በደረቅ ብሩሽ አጽዱ፣ እርጥበት ካለውም አንድ ቀን ፀሐይ በማያገኘው ነፋሻ ቦታ አቆዩት። ቁልፉ ሁለት ይሁን፤ አንዱ ከጥበቃ ዘንድ ሳይሆን ከምክትል ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ይቀመጥ።